መከላከያ ተብሎ ስለሚሸጠው ዕቃና ስለ ፎቶግራፍ ቤቶች የፍላሽ መሣሪያ

ንግድ የቆመው በመተማመን ላይ መሆኑን ለዚህ ምክር ቤት አባላት መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። ሆኖም ገዥው የሚገዛውን ዕቃ ከፍቶ ውስጡን ለማየት፥ አይቶም ለመፍረድ በማይችልበት ጊዜ መተማመኑ በሙሉ በሻጩ ቃል ላይ ይወድቃል። ከእንደነዚህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ በብዛት የሚታየው፥ በተለምዶ «ሰርጅ ፕሮቴክተር» የሚባለው፥ የድንገተኛ ኤሌክትሪክ ግፊት መከላከያ ነው። ስለዚህ ዕቃ አስተያየታችንን ስናቀርብ የፎቶግራፍ ቤቶችን የፍላሽ መሣሪያ ለምሳሌ መርጠናል፤ ምክንያቱም የዕቃው ጥቅምም ሆነ የአሻሻጡ ጉድለት ከዚህ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

የፎቶግራፍ ሥራ በአዲስ አበባ ዕድሜው ረዥም፥ ክብሩም ከፍ ያለ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ የቦያጂያንን ቤተሰብ የመሳሰሉ አርመናውያን ባለሙያዎች በከተማችን ከሠሩበት ጊዜ ወዲህ ሙያው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ንግድ ሆኗል። የዚህ ንግድ ካፒታል በአብዛኛው መሬትና ሕንፃ ሳይሆን መሣሪያ ነው፤ ካሜራው፥ ፍላሹ፥ ኮምፒዩተሩና ማተሚያው ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው የሚመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ፍላሽ በተቃጠለ ጊዜ ባለቤቱ እርሱን ለመተካት የሚያስፈልገው ብር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ነው። በዚህም ላይ የምረቃ ፎቶግራፍ የሚነሣባቸው የሰኔና የሐምሌ ወራት ነጐድጓድና መብረቅ ከሚበዛበት ከክረምቱ መግቢያ ጋር ስለሚገጥሙ፥ ፎቶግራፍ ቤቱ ብዙ ሥራ የሚያገኝበት ጊዜና ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ።

በእኛ አስተያየት ነገሩ እንዲህ ነው። የግፊት መከላከያ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ለአንድ ሥራ የተሠራውን ዕቃ ከማናቸውም የኤሌክትሪክ ጉዳት እንደሚያድን አድርጎ መሸጥ ገዥውን ከጉዳቱ ሳያድነው ከጥንቃቄው ያዘናጋዋል። ስለሆነም ሻጩ የዕቃውን ልክና ወሰን በአማርኛ ጽፎ ማሳወቅ ይገባዋል እንላለን። ይህን ያልንበትን ምክንያት ከዚህ በታች በየተራ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የፍላሹን አሠራር እንመልከት። ሃሮልድ ኤድገርተን የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ካዳበሩት ወዲህ የኤሌክትሪክ ፍላሽ መሠረታዊ ጠባይ ብዙም አልተለወጠም። መሣሪያው ከግድግዳው ሶኬት የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ካፓሲተር በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ በብዙ መቶ ቮልት ያከማቻል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ቁልፉን በተጫነ ጊዜም አንድ ሺኛ ሴኮንድ በሚያህል ቅጽበት ጋዝ በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይለቀዋል። ወዲያውኑ ደግሞ ባዶ የሆነውን ማጠራቀሚያ ለመሙላት ከመስመሩ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይስባል። እንግዲህ ፍላሽ እንደ ተራ አምፖል በእኩል ልክ የሚጠጣ ሳይሆን ጉንጭ እየሞላ የሚጐነጭ መሣሪያ ነው።

መከላከያው በበኩሉ በአብዛኛው ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ፥ ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ክብ ነገር በውስጡ አለው። የዚህም ጠባይ የመስመሩ ቮልት በተለመደው መጠን እስካለ ድረስ መንገዱን ዘግቶ መቀመጥ ነው፤ ቮልቱ ከተወሰነለት ልክ ባለፈ ጊዜ ግን በአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መንገዱን ከፍቶ ትርፉን ግፊት ወደ ሌላው ሽቦ ወይም ወደ መሬት ያሳልፋል። በሩቅ የወደቀ መብረቅ በመስመሩ ላይ የሚያመጣውን፥ ወይም በአቅራቢያ ያለ ትልቅ ሞተር ሲጠፋ የሚነሣውን ቅጽበታዊ ግፊት የሚመክተው በዚህ ዓይነት ነው። ነገር ግን በወረደበት ግፊት ቁጥር እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይሞታል። እርሱ ከሞተም በኋላ ብዙዎቹ ማከፋፈያዎች፥ ማለት በገበያ ዲቫይደር የምንላቸው፥ ኤሌክትሪክ ማስተላለፋቸውን አያቋርጡም፤ ባለቤቱም መከላከያ አለኝ ብሎ እያመነ ያለ መከላከያ ይኖራል። ስለዚህ የመከላከያውን ደኅንነት የሚያመለክት ትንሽ መብራት የሌለውን ዕቃ አለመግዛት ይመረጣል።

አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች መከላከያው ፍላሹ ቶሎ እንዳይሞላ ያደርገዋል ብለው ይፈራሉ። ቫሪስተሩ ግን ከመስመሩ ጎን ተያይዞ የሚጠብቅ እንጂ በመስመሩ መካከል የተገተረ አይደለም፤ ፍላሹ የሚስበው ኤሌክትሪክ በእርሱ ውስጥ አያልፍም። ፍላሹን የሚያዘገየው የማከፋፈያው ሽቦ ቀጭን ሲሆን፥ ወይም አንዱ ማከፋፈያ በሌላው ላይ እየተቀጣጠለ መንገዱ ሲረዝም ነው። እንግዲህ የሚያሰጋው የመከላከያው መኖር ሳይሆን የተሸከመው ሽቦ ማነስ ነው።

አሁን ወደ አሻሻጡ እንመለስ። ገዥውን ከሚያሳስቱት ነገሮች የመጀመሪያው «ጁል» የሚለው መለኪያ ነው። በመከላከያው ካርቶን ላይ 600 ጁል፥ በፍላሹም ላይ 600 ጁል ተጽፎ ያየ ሰው ሁለቱ ተመጣጣኝ ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የፍላሹ ጁል በአንድ ብልጭታ የሚለቀቀውን የተጠራቀመ ኃይል የሚናገር ሲሆን፥ የመከላከያው ጁል ቫሪስተሮቹ ከመስመሩ የሚመጣን ትርፍ ግፊት ምን ያህል ሊውጡ እንደሚችሉ የሚናገር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከመለኪያው ስም በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ለፎቶግራፍ ቤቱ በእውነት የሚያስፈልገው ቁጥር የማከፋፈያው የጭነት አቅም ነው። ለምሳሌ ያህል 600 ጁል የሚያከማችና በአንድ ሴኮንድ የሚሞላ ፍላሽ በሚሞላበት ሴኮንድ ቢያንስ 600 ዋት ይወስዳል። እንደዚህ ያሉ አራት ፍላሾች ባንድነት ሲሞሉ 2,400 ዋት ይሆናል፤ ይህም በሙቀት የሚባክነውና ለማስተካከያ የሚበራው አምፖል የሚወስደው ሳይቈጠር ነው። አሥር አምፔር የሚሸከም ማከፋፈያ ደግሞ በ220 ቮልት መስመር ላይ አቅሙ 2,200 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱን ፍላሾች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ መሥራት ሽቦውን ማጋል፥ ሶኬቱን ማቅለጥ፥ አልፎም ቤቱን ለእሳት ማጋለጥ ነው። ፍላሾቹን በሁለት የግድግዳ ሶኬቶች ከፍሎ ማያያዝ ግን ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ የሚበጀውም ሶኬቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስመርና ፊውዝ ሲኖራቸው ነው።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዘመድ ወይም ለንግድ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ ማከፋፈያውንም አብረው ማምጣታቸው የተለመደ ነው። የዚያ አገር የቤት መስመር 120 ቮልት ስለሆነ ቫሪስተሩ የተመደበው ለዚያው ልክ፥ ይኸውም በአብዛኛው ከ130 እስከ 150 ቮልት ለሚደርስ ነው። የእኛ መስመር ግን 220 ቮልት ሲሆን የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ የአሜሪካው መከላከያ በእኛ ሶኬት ላይ በተሰካ ጊዜ ደንበኛውን ቮልት እንደ አደጋ ቈጥሮ በእያንዳንዱ ሞገድ መንገዱን ይከፍታል፤ ወዲያው ይግላል፤ ይፈነዳል ወይም ይቃጠላል። ፍላሹ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቢሆንም እንኳ ማከፋፈያው እንደዚያ አለመሆኑን ሻጩም ገዥውም ሊያውቁት ይገባል። 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ፍላሽ ያለው ሰው ደግሞ አቅሙ በቂ የሆነ የቮልት መለወጫ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካው ማከፋፈያም ሊሰካ የሚችለው ከመለወጫው በኋላ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው የመሬት መስመር ጉዳይ ነው። ሦስት እግር ያለው መከላከያ ግፊቱን የሚያሳልፍባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ከፌዝ ወደ ኒውትራል፥ ከፌዝ ወደ መሬት፥ ከኒውትራልም ወደ መሬት። በሕንፃው ውስጥ የመሬት ሽቦ ከሌለ፥ ወይም ሦስተኛው እግር በሁለት እግር አስማሚ ምክንያት ከቀረ፥ ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱ ተዘጉ ማለት ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ለሦስት በር ሆኖ የሚከፈተው አንድ በር ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ፍላሽ የብረት አካል ያለውና በውስጡ ብዙ መቶ ቮልት የሚያከማች መሣሪያ ስለሆነ፥ የመሬት መስመር ማጣት ከመሣሪያው አልፎ ለሠራተኛውና ፎቶግራፍ ለሚነሣው ደንበኛ ሕይወት ያሰጋል።

በዚህ ረገድ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አብዛኛው ፎቶግራፍ ቤት የሚሠራው በኪራይ ክፍል ነው፤ የመሬት መስመር ደግሞ የሕንፃው አካል ነው። ታዲያ ወጪው የማን ይሁን? በእኛ አሳብ ባለሕንፃው ለንግድ ብሎ ያከራየው ክፍል ለንግድ የሚያበቃ የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖረው ይገባል። ተከራዩም ውል ከመፈረሙ በፊት ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስመርመርና የምርመራውን ውጤት በውሉ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚነሣው ክርክር ግን ሁለቱንም ይጐዳል እንጂ የተቃጠለውን ዕቃ አይመልስም።

ቀጥሎ መከላከያው የማይሠራውን ሥራ እንናገር፤ ገዥው ብዙ ጊዜ ሳይነገረው የሚቀረው ይህ ነውና። ቫሪስተር የሚመክተው የሴኮንድ ሚሊዮንኛዎች የሚቈይ ግፊትን ነው። ለደቂቃዎች የሚቈይን ከፍተኛ ቮልት አይመክትም። ሦስት ፌዝ በሚገባበት ሕንፃ ውስጥ የኒውትራሉ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ቢላላ በአንዳንዱ ሶኬት ላይ ያለው ቮልት ከ220 ተነሥቶ ወደ 380 ሊቃረብ ይችላል። በዚህ ጊዜ መከላከያው ይህን ሁሉ ልዋጥ ሲል ራሱ ይነዳል፤ ከበስተኋላው ያለው መሣሪያም አይተርፍም። የቮልት ማነስንም ቢሆን መከላከያው አያቃናም። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ የሚታየውን የመስመር መናወጥም አያረጋጋም። በሕንፃው ላይ በቀጥታ የወደቀን መብረቅ ደግሞ በጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ማከፋፈያ ሊያቆመው ከቶ አይችልም።

እንግዲህ ባለፎቶግራፍ ቤቱ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ያውጣ? ቀዳሚው የመሬት መስመር ነው። ሁለተኛው በቆጣሪው አጠገብ ባለው የፊውዝ ሣጥን ውስጥ የሚገጠም መከላከያ ነው፤ ይህም በዓለም አቀፉ አይ.ኢ.ሲ. 61643-11 ደረጃ ሁለተኛ ዓይነት ተብሎ የተመደበው ሲሆን፥ ከውጭ የሚመጣውን ትልቅ ግፊት ከበር ላይ የሚመልስ ነው። ሦስተኛው ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ መስመሩን የሚቈርጥ፥ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ለማቀዝቀዣው ይገዛዋል፤ ለፍላሽ የሚገዛው ግን የፍላሾቹን ጠቅላላ ጭነት የሚችለውን መምረጥ አለበት። ከእነዚህ በኋላ በመጨረሻ የሚመጣው በመሣሪያው አጠገብ የሚቀመጠው ማከፋፈያ ነው። ዛሬ በገበያ የሚታየው የአገዛዝ ልማድ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ፥ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ በመጨረሻው ያቆማል።

አንድ መሣሪያ ብቻ ጠብቆ ሌላውን መተውም አይበጅም። ካሜራው በገመድ ከኮምፒዩተሩ፥ በሌላም ገመድ ከፍላሹ ጋር ተያይዞ ሲሠራ፥ በአንደኛው ሶኬት የገባ ግፊት በገመዱ በኩል ወደ ሁሉም ሊሻገር ይችላል። ፍላሹን በሬድዮ ማዘዣ መተኰስ ይህን ድልድይ ያፈርሰዋል። ኮምፒዩተሩ በዩፒኤስ ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ ፍላሹን ግን ለኮምፒዩተር በተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካት አይገባም። የፍላሹ ጉንጭ ሙሉ አሳሳብ ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል፤ ርካሾቹ ዩፒኤሶች የሚሰጡት የተቈራረጠ ሞገድም ፍላሹን ሊጐዳው ይችላል። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ስታብላይዘርም እንዲሁ በእያንዳንዱ ብልጭታ ከወዲያ ወዲህ ሲዋልል ይውላል እንጂ የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የማይከፈልበት መከላከያ አለ፤ እርሱም የሰው እጅ ነው። ነጐድጓድ ሲቃረብ፥ መብራት ሲጠፋ፥ ማታም ሱቅ ሲዘጋ መሣሪያውን ከሶኬቱ መንቀል ከማናቸውም ዕቃ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ቢሆንም ከሶኬት የተነቀለ ፍላሽ በማጠራቀሚያው ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፥ የተበላሸውን ለመጠገን ሣጥኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ብቻ መሆን አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርቡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ዛሬ በባትሪ የሚሠሩ ፍላሾች ስለ መጡ ጉዳዩ ያለፈበት ነው የሚል ነው። በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ በሥራ ላይ ሳለ ከመስመሩ ነፃ መሆኑና መብራት ሲጠፋም ሥራ አለማቋረጡ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ለሚበቃው ሰው መልካም ምርጫ መሆኑንም አንክድም። ይሁን እንጂ የባትሪው መሙያ፥ ኮምፒዩተሩና ማተሚያው አሁንም ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ናቸው። በመስመር የሚሠራ ፍላሽ ይዞ የሚያድረው ነጋዴም ገና ብዙ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጋዴዎች በኩል የሚመጣ ነው። ገዥ የሚመለከተው ዋጋ ብቻ ነው፤ እኛ እውነቱን ብንጽፍ ገዥው ወደማይጽፈው ጎረቤት ይሄዳል ይላሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚጠፋ ደንበኛ አይደለም፤ ወረቀት፥ ባትሪ፥ አምፖልና ገመድ ሲገዛ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ነው፤ የሙያ ጓደኞቹንም ይዞ ይመጣል። ፍላሹ በተቃጠለ ማግስት «ይከላከላል ብለውኝ ነበር» ብሎ የሚናገርበት ሱቅ፥ በዚያ አንድ ማከፋፈያ ካገኘው ትርፍ ይልቅ ያጣው ስም ይበልጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለምክር ቤታችን አባላት፥ በተለይም ለአስመጪዎችና ለኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎች እናቀርባለን። መከላከያ ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ላይ አራት መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ይለጠፍ። የመጀመሪያው ዕቃው የተሠራበትን ቮልት፥ ሁለተኛው የሚሸከመውን ጭነት በአምፔርና በዋት፥ ሦስተኛው ያለ መሬት መስመር ሙሉ ሥራውን የማይሠራ መሆኑን፥ አራተኛው ከረዥም ጊዜ የቮልት መብዛትና ማነስ የማያድን መሆኑን ይናገር። ቫሪስተር የሌለው ተራ ማከፋፈያም በተራ ማከፋፈያነቱ ይሸጥ እንጂ የመከላከያ ስም አይሰጠው። ይህን ለመጀመር አዲስ ደንብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ቀለምና ወረቀት ነው። አባላት በስምምነት ከጀመሩት የደረጃ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኋላ ደንብ ለማውጣት ቢያስብ በተግባር የተፈተነ መነሻ ያገኛል።

ፎቶግራፍ አንሺዎችም በበኩላቸው ሻጩን «ስንት ብር ነው» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «ስንት ቮልት፥ ስንት አምፔር ነው» ብለው የመጠየቅን ልማድ ያዳብሩ። ጥያቄው የማይቀር መሆኑን ያወቀ ነጋዴ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃልና።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ስለ እሳት ቢሆንም ስለ ኤሌክትሪክም የተነገረ ያህል ነው። የክረምቱ ደመና ሳይከብድና የምረቃው ሥራ ሳይበዛ፥ ባለፎቶግራፍ ቤቱ የክፍሉን የመሬት መስመር ያስመርምር፤ ነጋዴውም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ አንሥቶ በላዩ የተጻፈውን ያንብብ። ሁለቱም የየድርሻቸውን ቢፈጽሙ ዕቃው በስሙ ልክ ይሠራል፤ የአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ለተቃጠለ ዕቃ መተኪያ መዋሉ ቀርቶ ለአዲስ ሥራ ማስፋፊያ ይሆናል።